«ለግድግዳ የሞቱ» ይባላል?

ጽኑ፦ ትናንት ታዛቢ የጻፈውን አንብቤ ሌሊቱን ሙሉ ስብሰለሰል አደርኩ። ጥር 30 ቀን 2001 ዓ.ም. በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በሰደድ እሳት ካለቁት 173 ሰዎች መካከል ቤታቸውን ሊያድኑ የቀሩትን «ለግድግዳ የሞቱ ሞኞች» ብሏቸዋል። በዚያ ዘመን ባለሥልጣናቱ ራሳቸው «ወይ በጊዜ ውጡ፣ ወይ ተዘጋጅታችሁ ቆዩና ቤታችሁን ተከላከሉ» እያሉ ሕዝቡን ያስተምሩ ነበር። የተማረውን የፈጸመ ሰው በምን ሒሳብ ሞኝ ይሆናል?

ታዛቢ፦ ቃሌን አላጥፍም። ትምህርቱ «ተዘጋጅታችሁ» ይላል፤ ጽኑ፣ እሷን ቃል ጠቅሰሃት አልፈሃታል። ከሟቾቹ 113ቱ ያለቁት ቤት ውስጥ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብተው የቀሩ ጥቂት አይደሉም፤ በሩ አንድ ብቻ፣ ውጭውን የማያሳይ ክፍል። ብዙ ሰው «ቆይ፣ እስኪ እንየው» ሲል ነው እሳቱ የደረሰበት።

የማለዳ ኮከብ፦ እኔን ያንገበገበኝ «ግድግዳ» የሚለው ነው። ከዚያ ግድግዳ በስተጀርባ መነሣት የማትችል እናት ተኝታ ቢሆንስ? እሷን ጥሎ ያልወጣውንም ከ113ቱ ጋር ደምረህ ሞኝ ልትለው ነው?

ታዛቢ፦ ስለ እናት ማን አነሣ? እኔ ያልኩት ግድግዳ ነው።

የማለዳ ኮከብ፦ ማን ለእናቱ፣ ማን ለግድግዳው እንደቀረ ከአመዱ ላይ በምን ለየኸው?

ነጻ ብዕር፦ በዚያች ሰዓት ማን ጀግና፣ ማን ሞኝ እንደሆነ አጠገቡ የቆመውም አይለይም። ሐምሌ 29 ቀን 1941 ዓ.ም. በአሜሪካ ሞንታና፣ ማን ጋልች በተባለው ሸለቆ፣ በፓራሹት የወረዱ እሳት አጥፊዎችን እሳቱ ዳገት ለዳገት ሲያሳድዳቸው አለቃቸው ዋግነር ዶጅ ቆመና ክብሪት ጫረ። ከፊቱ ያለውን ሣር ለኩሶ፣ ገና የሚጨሰው አመድ ላይ በግንባሩ ተደፋ። «ወደዚህ ግቡ!» እያለ ቢጣራም የተከተለው የለም፤ ያበደ ነው የመሰላቸው። 13 ሰዎች ሞቱ፤ ዶጅ ተረፈ።

ታዛቢ፦ ምስክርነቱ ለእኔ ነው። ዶጅ ከዚያ አስቀድሞ ምን አዘዘ? «መሣሪያችሁን ጣሉ» ነው ያለው። ነፍስ ስትያዝ አካፋ ይጣላል፤ ቤትም እንደዚያው።

ጽኑ፦ አካፋና ቤት አንድ ሆኑ?

ነጻ ብዕር፦ ታዛቢ፣ ታሪኩን ከግማሹ አትቁረጠው። «ልጃችንን የገደለው ዶጅ የለኮሰው እሳት ነው» ያሉ ወላጆችም ነበሩ። የተረፈው እንኳ ከወቀሳ አላመለጠም።

እማኝ፦ የሟች ጥፋት ስትቆጥሩ ገመዱን ረሳችሁት። ከቪክቶሪያዎቹ 173 ሟቾች 119ኙን የፈጀው የኪልሞር ኢስት እሳት የተነሣው ከተበጠሰ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ተጎጂዎቹ ከከሰሱ በኋላ ወደ 500 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚጠጋ ካሳ በስምምነት ተወሰነላቸው። ሞኝነት የሚጠየቅ ከሆነ ከዚያ ምሰሶ ሥር ይጀመር።

ጽኑ፦ እማኝ፣ እጅህ ይባረክ።

ታዛቢ፦ የገመዱ ባለቤት ይጠየቅ፤ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ። ነገር ግን «ቆይ እንየው» ያሰኘው ገመዱ አይደለም። ለምን እንደምቆጣ ልንገራችሁ። አጎቴ ከሚቃጠል ቤት በሰላም ከወጣ በኋላ የቤቱን ካርታ ሊያወጣ ተመልሶ ገባ። አልወጣም። ለቅሶው ላይ ሁሉም «ጀግና ነበር» ይሉ ነበር፤ የሰባት ዓመት ልጁ ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ያ ልጅ ነገ እሳት ሲያይ ወዴት እንደሚሮጥ አስቡት።

የማለዳ ኮከብ፦ ነፍሱን ይማር፤ አላወቅኩም ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ለልጁ «አባትህ ለግድግዳ ሞተ» ብለህ ነግረኸዋል?

ታዛቢ፦ አልነገርኩትም።

ጽኑ፦ እንግዲያው ስለ ሰው አባትም አትጻፈው።

ታዛቢ፦ ሲያድግ እነግረዋለሁ። የጻፍኩትንም አልሰርዝም።