እየጸለይኩ ነው፤ ግን ዝም ልበል?

ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ጎረቤቴ ቤት 12 ዓመት ቢሆናት ነው የምላት ሠራተኛ አለች። በዚህ ሙቀት ቢጫ ጀሪካን እየጎተተች ስትመላለስ አያታለሁ። ሰሞኑን ክንዷ ላይ ሰንበር አየሁ። "ወድቄ ነው" አለችኝ። መውደቅ እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር አያወጣም።

የነፍስ አባቴ "ጸልዪ፣ እግዚአብሔር ይፈርዳል" አሉኝ። እጸልያለሁ። ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ነህምያ ጠላት ሲነሣበት ጸልዮ ዘበኛም አቁሞ የለ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም ልጆችን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል። ፖሊስ ጋ ልሂድ? ወይስ ሴቶችና ሕፃናት ቢሮ?

ከሴትየዋ ጋር ዕድርተኞች ነን፣ ቡናም እንጠራራለን። መጣላቱ አይደለም ያስፈራኝ። ነቅታብኝ ልጅቷን ወደማላውቀው ቦታ ብታሸሻትስ? እንዲህ የገጠማችሁ፣ መጀመሪያ የት ሄዳችሁ? ለልጅቷስ ማደሪያ እንዴት ተገኘ?