መሬት እየተንቀጠቀጠ ኑሮን መቀጠል፦ ከድንጋይ ቤት ለምንኖር ምን መላ አለ?

ጠያቂ፣ ከአንኮበር አካባቢ
ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው የአፋር ቆላ ቁልቁል በሚታይበት አፋፍ ላይ፣ በድንጋይና በጭቃ በተሠራ የወላጆቼ ቤት ውስጥ ነው። ቆላው ውስጥ ካሉት የፈንታሌና የዶፈን እሳተ ገሞራ ተራሮች በኩል የሚነሣው ንዝረት ከመስከረም ወዲህ እየተመላለሰብን ሲሆን፣ በሬክተር ስኬል 5.8 የተመዘገበው የታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት ነውጥ ደግሞ ሁላችንንም ከመኝታችን አስወጥቶናል። አሁን ልጆቹን ደጅ ባስተኛቸው የጥር ውርጭ አለ፤ ቤት ባስገባቸው እኔ እንቅልፍ የለኝም። እህሉም ገና ከአውድማ ስላልገባ ትተን የምንሄድበት ጊዜ አይደለም። ይፈነዳል የሚባለው እሳተ ገሞራስ እኛን ያሰጋናል?

ግንበኛ፣ ከደብረ ብርሃን
እንደምን ሰነበቱ እኅቴ። ንዝረቱን ያመጣው በፈንታሌና በዶፈን መካከል ከመሬት በታች ስንጥቅ እየከፈተ የሚጓዘው ቅልጥ ዐለት ነው። ወደ ላይ ወጥቶ ቢፈስስ እንኳ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ላሉት ወገኖቻችን እንጂ ለእናንተ ብዙ አያሰጋም፤ አፋፉን ሽቅብ አይወጣምና።

እኔን ያሳሰበኝ ቤቱ ነው። በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ክብደቱ ብዙ፣ መያዣው ግን ደካማ በመሆኑ፣ ሲናወጥ ሁለቱ ግድግዳዎች ከማዕዘኑ ይላቀቁና አንዱ ወደ ውጭ ይናዳል። ስለዚህ ማዕዘኖቹን፣ እንዲሁም ከበርና ከመስኮት ጉበን በላይ ያለውን በባትሪ እያበሩ ይመልከቱ፤ ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች እየጠበበ የሚወርድ ስንጥቅ ካገኙ በዚያ ክፍል ማንም አይደር። በግቢዎ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ማድ ቤት ካለ ልጆቹን እዚያ ማስተኛት ይሻላል፤ ማገር ያለው ምርግ ይረግፍ ይሆናል እንጂ እንደ ድንጋይ ካብ አይደረመስም። መኝታው ከግድግዳው ራቅ፣ ወደ በሩ ቀረብ ይበል፤ እሳቱም ከመተኛታችሁ በፊት ይጥፋ።

መምህር፣ ከደብረ ሲና
በግንበኛው ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለተማሪዎች ጠረጴዛ ሥር ግቡ የሚባለው ምክር ብረት ባለው የኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ ላሉ ተገቢ ቢሆንም፣ በሩ ሁለት እርምጃ በማይርቅበት የድንጋይ ጎጆ ውስጥ ላለ ሰው ፈጥኖ ወደ ሜዳ መውጣት ይበጃል እላለሁ። ሲወጡ ግን ግድግዳውን ተጠግቶ መቆም አይገባም። ልጆቹን በቀን አንድ ሁለቴ ቢያለማምዷቸው ፍርሃታቸውም ይቀንሳል፤ ከትምህርት ገበታ ማስቀረቱን አልደግፍም።

ከካራቆሬ
የእኛ አገር ይህንን በ1953 ዓ.ም. ግንቦት አይቶታል። ያ ነውጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሶ፣ ካራቆሬን ክፉኛ ጎድቶ፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ሰነጣጥቋል። አባቴ እንደሚናገሩት ሰው ሌሊቱን በዳስ እያደረ ቀን ቀን እርሻውን ያርስ ነበር፤ ዝናቡ ደርሶ ስለነበር ሌላ ምርጫም አልነበረው።

ስለ ክረምቱ ግን ማንም አላነሣም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም በደብረ ሲና አካባቢ ተራራው ተንሸራቶ የብዙ ገበሬ ቤትና ማሳ የወሰደው ዝናብ ከጠገበ በኋላ ነው። አፋፍ ላይ እስካሉ ድረስ፣ ከቤትዎ በላይ ባለው ተዳፋት መሬቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ ከሰኔ በፊት ዞረው ይዩ። ካለ በአፈር ደፍነው ይጠቅጥቁት፤ ጎርፉንም ከበላዩ ቦይ ቀድደው ወደ ጎን ያስወጡት። ስንጥቁ ተደፍኖም እንደገና ከተከፈተ ለቀበሌው አስታውቀው ከብቱንም ጎተራውንም ከዚያ ያሽሹ።