የሚዘለውን ዳማ ፈረስ ልግዛ ወይስ የማይበረግገውን ቡላ?

ጥያቄ (ቦሩ ሜዳ፣ ደሴ)
ሰላም ወገኖች። ሁለት የአምስት ዓመት ፈረሶች አግኝቻለሁ፤ አንዱን ገዝቼ መሰናክል ዝላይ ላሰለጥነው አስቤያለሁ። ዳማው ለብቻው ሲለቀቅ የግቢውን አጥር ሳይነካ ያልፋል። ግን ላስቲክ ከተንኮሻኮሸ ይበረግጋል፣ አንዳንዴ እንጨቱ ፊት ሲደርስ ቀጥ ይላል። ቡላው ያን ያህል አይዘልም፤ ያሳዩትን ሁሉ ግን ይሞክራል። ሰፈርተኛው "ተሰጥኦ ያለው ዳማው ነው" ይለኛል። ትልልቅ ውድድር የሚያሸንፉት ፈረሶች በተሰጥኦ ነው ወይስ በሌላ? የቱን ልያዝ?

መልስ 1 (ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ እያለሁ መሰናክል ጋልቤያለሁ)
ወንድሜ፣ ኦሊምፒክ ላይ መሰናክሉ እስከ 1.65 ሜትር ይደርሳል። እዚያ የቀረበ ፈረስ ሁሉ መዝለል ይችላል፤ ስለዚህ የሚለያቸው ሌላ ነው። እንጨት መጣል 4 የቅጣት ነጥብ ነው። እምቢ ብሎ መቆምም 4 ነው፤ ሁለተኛ እምቢ ካለ ግን ከውድድሩ ይባረራል። ዳማህ የፈለገውን ያህል ቢዘል ሁለቴ ቀጥ ካለ አለቀ።
ሃላ የምትባል የጀርመን ባዝራ ነበረች። በፈረንጆቹ 1956 ስቶክሆልም ላይ ጋላቢዋ ሃንስ ጉንተር ዊንክለር በመጀመሪያው ዙር ብሽሽቱ ተጎዳ። በሁለተኛው ዙር ከሕመሙ የተነሳ በቅጡ ሊመራት አልቻለም። እሷ ግን አንድም እንጨት ሳትጥል ጨረሰች፤ ወርቁም የነሱ ሆነ። እኔ ቡላውን እይዛለሁ።

መልስ 2 (ጉግስ ተጫዋች፣ ደሴ ዙሪያ)
አብሽር ወንድም፣ በዳማው ላይ አትቸኩል። ፈሪና ጠንቃቃ አይምታቱብህ፤ ከላይ የሚደርሱት ብዙዎቹ እንጨት መንካት የሚጠሉ፣ ትንሽ ነገር የሚያስደነግጣቸው ናቸው። ዣፕሉ የሚባለው የፈረንሳይ ፈረስ ቁመቱ 1.58 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ እምቢ ብሎ ጋላቢውን መሬት ጣለው፤ በ1988 ሴኡል ላይ ከዚያው ጋላቢ ጋር ወርቅ ወሰደ።
ሁለቱንም እንዲህ ፈትናቸው። ቀላል እንጨት ከጉልበት ዝቅ አድርገህ፣ ሳትቸነክር፣ ሲነካ እንዲወድቅ አስቀምጥ፤ ያለ ጋላቢ አሳልፋቸው። አንዴ እስኪነኩት ጠብቅና ቀጥሎ የሚያደርጉትን ተመልከት። እግሩን ይበልጥ ሰብስቦ ካለፈ ጠንቃቃ ነው፤ እሱን አትልቀቅ። ደግሞ ደጋግሞ እየመታ ከሄደ ግድ የለውም፤ ከፍታው ሲጨምር እንጨት ሲጥል ይውላል። ከሩቅ ቆሞ አልቀርብም ካለ ደግሞ መተማመኑ ተነክቷል፤ መሬት ላይ ከተጋደመ እንጨት ጀምረህ ወራት ትሠራበታለህ። ጆሮውንም እይ፤ ወደ መሰናክሉ ካቀናው ነገሩን ወዶታል።

መልስ 3 (የእንስሳት ሐኪም፣ ደሴ)
የሁላችሁም መልስ እግር ላይ ነው የሚቆመው። ጎበዝ ሆኖ በጅማት ሕመም የሚቀር ፈረስ ብዙ ነው። ሁለቱንም ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ አስኪዳቸው፤ ራሱን እየነቀነቀ የሚረግጥ ካለ ያነክሳል። ካዘለልካቸው በማግስቱ የፊት እግራቸውን ጅማት ዳስስ፤ ሙቀት ወይም እብጠት ካለ አሳርፋቸው። በአምስት ዓመት አጥንት ገና እየጠና ነው፤ ኦሊምፒክ ራሱ ከ9 ዓመት በታች ፈረስ አያዘልም። በሳምንት ሁለቴ፣ ዝቅ ብሎ፣ ይበቃል።

ጠያቂው
አላህ ይስጣችሁ። አንድ ያልነገርኳችሁ፣ ቡላው ኮምቦልቻ አስፋልት ላይ ጋሪ ጎትቷል። ይህ ከዝላይ ያግደዋል?

መልስ 1
አያግደውም። ስኖማን የተባለው የአሜሪካ ፈረስ እርሻ ላይ የሠራ ነው፤ በ1956 ወደ ቄራ ሊሄድ ሲል በ80 ዶላር ተገዛ፣ በ1958 ትልቁን የአገሩን የዝላይ ውድድር አሸነፈ።

መልስ 3
ሥራው አይደለም የሚያሳስበኝ፣ አስፋልቱ ነው። ሂሳቡን ከመክፈልህ በፊት አራቱንም ሰኮናዎች ከፍ አድርገህ ስንጥቅ እይ፤ ከቻልክ እኛ ጋ አምጣው።