ክርክር፦ «ኦልዞው»ን (although) በአማርኛ ማስረዳት ይጠቅማል ወይስ ያሳስታል?

መነሻ፦ በድሬዳዋ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። እንደ ኦልዞው ያሉ የተቃርኖ አያያዥ ቃላት ላይ ሲደረስ ግን ወደ አማርኛ የሚዞር መምህር ሞልቷል። ይቀጥል ወይስ ይቅር? ተከራካሪዎቹ የተጠሩት በድሬዳዋ ሰፈሮችና በሐረር ከተማ ስም ነው።

ከዚራ፦ ይቀጥል። «ቢሆንም» ሲባል ልጁ ወዲያው ይገባዋል። ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፣ ምን ያዞረናል?

ሳቢያን፦ አቦ ተው! ኦልዞውም ዲስፓይትም (despite) «ቢሆንም» ከተባሉ በምን ይለያቸው? ኦልዞውን ባለቤትና ግስ ይከተሉታል። ዲስፓይትን ስም ወይም አይኤንጂ (-ing) የጨመረ ግስ ይከተለዋል። «ዲስፓይት ዘ ሬይን» (despite the rain) ልክ ነው፤ «ዲስፓይት ኢት ሬይንድ» (despite it rained) አይሆንም። «ዲስፓይት ኦፍ» ደግሞ ጭራሽ የለም፣ ኦፍ (of) የሚያስፈልገው ኢን ስፓይት (in spite) ነው። በዚያ ላይ በአማርኛ «ቢዘንብም ግን መጣ» ስለሚባል፣ ልጁ በኦልዞው ጀምሮ መሃል ላይ «በት» (but) ይጨምራል። እንግሊዝኛው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከዚራ፦ ይሄ እኮ ለእኔ መሰከረ። ስህተቱ ከአማርኛ ከመጣ በአማርኛ ይታረማል፤ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ጽፎ «በት»ን መሰረዝ ነው።

መጋላ፦ በማን አማርኛ? አንደኛ ደረጃን በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የጨረሰ ልጅ እዚያው ክፍል ተቀምጧል። ለእሱ ትርጉሙም ሌላ ትርጉም ይፈልጋል።

ሐረር፦ ቦታውን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። «ድሬ ትሞቃለች፣ ሐረር ግን ትቀዘቅዛለች» የሚለውን በኦልዞው የሚያያይዙ አሉ። ድሬ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ብትቀዘቅዝ ምን ይገርማል? ሁለት ነገር ጎን ለጎን ሲነጻጸር ዌርአዝ (whereas) ነው። ኦልዞው ያልተጠበቀ ነገር ይፈልጋል፦ «ከድሬ የምትርቀው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በጣም ትቀዘቅዛለች»። ባለቤትና ግስ ኦልዞውም ዌርአዝም ጋ ስላለ፣ የመልመጃውን ባዶ ቦታ በትክክል የሚሞላው ሐሳቡን የተረዳ ብቻ ነው።

ሳቢያን፦ ይሁን። ሃውኤቨር (however) የሚለውስ? ከፊቱ አራት ነጥብ ወይም ሴሚኮለን፣ ከኋላው ኮማ። በኮማ ብቻ ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚሰፋው ልጅ እንደ «ግን» ስለቆጠረው ነው።

ከዚራ፦ ያንተም ሕግ ይሰናከላል። ከ«ዲስፓይት ዘ ፋክት ዛት» (despite the fact that) በኋላ ባለቤትና ግስ መጣ፤ አሁንስ?

ሳቢያን፦ ፋክት ራሱ ስም ነው! ዲስፓይትን የተከተለው እሱ ነው፣ ሌላው የፋክት ዝርዝር ነው።

ከዚራ፦ እሺ አቦ፣ ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ በምን ቋንቋ ልታስረዳው ነው?