ለኦንላይን ገበጣ ጌም ፕሮቶታይፕ የትኛውን ቻት ላስገባ?

ጠጠር12፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ሁለት ሰው ኦንላይን የሚጫወተው ገበጣ በጎዶት 4 (የጌም መስሪያ ሶፍትዌር) እየሰራሁ ነው፣ ጠጠር መዝራቱም ተራ መቀያየሩም ይሰራል፣ የቀረኝ ቻት ነው። ገበጣ ደግሞ ያለ ወሬ አይጣፍጥም፣ ስትዘራ አጠገብህ ያለው ሰው "ቆይ ቆይ፣ አንድ ጉድጓድ ዘለልክ" ካላለህ ምኑን ገበጣ ሆነ። የሚሞክሩልኝ 30 የሚሆኑ ጓደኞቼና ዘመዶቼ ናቸው፣ ግማሹ አዲስ አበባ ግማሹ ውጭ አገር፣ ሊንክ ልኬላቸው ብሮውዘር ላይ ነው የሚከፍቱት። ያየኋቸው አይአርሲ እና ኤክስኤምፒፒ የሚባሉት የቻት ስርዓቶች እና ናካማ የሚባለው የጌም ሰርቨር ናቸው፣ በወር የሚከፈልባቸውን የውጭ ካርድ ስለሚጠይቁ ትቻቸዋለሁ። አንድ ነፃ ሰርቪስ ሞክሬ ነበር፣ መልእክቱ ረዘም ሲል መጨረሻው ይቆረጥና የመጨረሻዋ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆና ትመጣለች፣ በእንግሊዝኛ ያንኑ ያህል ስጽፍ ግን ምንም አይሆንም። ለምንድነው? የቱንስ ትመክሩኛላችሁ?

ሰርቨር_ጠባቂ፦
ወንድሜ ፊደሏ የምትበላሸው ሰርቪሱ በፊደል ሳይሆን በባይት፣ ማለት ፊደሏ ኮምፒውተር ላይ በምትይዘው ቦታ ስለሚቆጥር ነው። በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደል የሚያስቀምጥበት መንገድ) የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ነው፣ የኛ አንድ ፊደል ግን 3 ባይት ይፈጃል፣ አራት ነጥቧም ጭምር። ገደቡ 256 ባይት ነው እንበል፣ 85 ፊደል ላይ ትሞላለህ፣ ለ86ኛዋ አንድ ባይት ብቻ ይተርፋታል፣ እዛው መሀሏን ይቆርጣታል። ስለዚህ የጽሁፍ ሳጥንህ ላይ የምታስቀምጠውን ገደብ ወደ ባይት ቀይረህ ቁጠረው።

አይአርሲን በዚሁ ምክንያት አልመክርህም። ከ1988 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ቀላል ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን አንድ መስመር ከነአድራሻው 512 ባይት ነው፣ በአማርኛ 170 ፊደል እንኳን አይሞላም። ብሮውዘር ደግሞ አይአርሲ የሚሄድበትን ተራ የቲሲፒ ግንኙነት ስለማይከፍት መሀል ላይ የዌብሶኬት ጌትዌይ (ብሮውዘር በሚችለው ግንኙነት የሚያስተላልፍ) መትከል ይኖርብሃል። ከሁሉ የሚብሰው ሂስትሪ አለማስቀመጡ ነው፣ ተጫዋቹ ኔትወርክ ጠፍቶበት ሲመለስ የተባለውን በሙሉ አጥቶታል።

ቤዛ_ዴቭ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ። ኤክስኤምፒፒ ጠንካራ ነው፣ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የሚባለው ትልቁ የኦንላይን ጌም እንኳን ቻቱን በኢጃበርዲ (የኤክስኤምፒፒ ሰርቨር) ነው የገነባው፣ ሂስትሪም ማስቀመጥ ይችላል፣ ዌብሶኬትም አለው። ግን ላንተ ፕሮቶታይፕ ሁለት ሰርቨር ልታስተዳድር ነው፣ አንዱ ለጌሙ አንዱ ለቻቱ፣ አካውንቱንም ሁለቱ ላይ ማስማማት አለብህ፣ እኔ እዛ ማስማማት ላይ ሁለት ሳምንት ጨርሻለሁ።

ናካማን ያዝ። ኮዱ ክፍት ነው፣ ፖስትግሬስ ከሚባለው ዳታቤዝ ጋር በዶከር (ፕሮግራሞችን አሽጎ የሚያስነሳ) ትንሽ ቪፒኤስ (የኪራይ ሰርቨር) ላይ ይነሳል፣ ሎጊኑም ተጫዋች ማገናኘቱም ቻቱም በአንድ ሰርቨር ነው የሚሄደው፣ ለጎዶትም የራሱ ክላየንት (ጌሙን ከሰርቨሩ የሚያገናኝ ኮድ) አለው። ቻቱ ሶስት አይነት ነው፦ ሩም፣ ግሩፕ እና ቀጥታ ለአንድ ሰው። ላንተ ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ሩም ይበቃሃል። መልእክቱን ጄሰን (ስምና ዋጋ እያጣመረ የሚጻፍ የዳታ አጻጻፍ) አድርገህ ነው የምትልከው፣ ተራ ጽሁፍ ከላክህ አይቀበልህም። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ደግሞ ሩሙን እንደገና መቀላቀል ያንተ ስራ ነው፣ ስትመለስ ሂስትሪውን ጠይቀህ የጎደለውን ሙላ።

ጠጠር12፦
ቤዛ እግዜር ይስጥልኝ፣ ናካማ ትናንት ተነሳልኝ። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር፣ የኔ ኮምፒውተር ላይ አማርኛው አምሮ ይታያል፣ ሊንኩን ስልክ ላይ ስከፍተው ግን ሁሉም ባዶ አራት ማዕዘን ነው።

ፊደል_ወዳጅ፦
ይሄ የቻቱ ችግር አይደለም፣ ፎንት ነው። ጎዶት ይዞት የሚመጣው ፎንት ግዕዝ የለውም፣ ኮምፒውተርህ ላይ ያየኸው ከዊንዶውስ ተበድሮ ነው፣ ዌብ ኤክስፖርት (ብሮውዘር ላይ የሚከፈተው) ላይ ግን የሚበደርበት ስለሌለ ባዶ ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርደህ ከጌሙ ጋር አስገባው፣ እሱ ካልተመቸህ አቢሲኒካ አለልህ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

እግረ መንገዴን፣ የስድብ ማጣሪያ ልታስገባ ካሰብክ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን መጀመሪያ ወደ አንድ መልስ፣ አለበለዚያ ሰው አንዷን ፊደል ቀይሮ ያልፍሃል። ይህን የምታደርገው ግን በኮፒው ላይ ነው፣ ሰውየው የጻፈውን እንዳለ ተውለት፣ ስሙን በ"ሠ" የሚጽፍ ሰው በ"ሰ" ተቀይሮ ሲያየው ቅር ይለዋል።

ጠጠር12፦
ፎንቱን አስገባሁት፣ ሰራ! ትናንት ማታ ዱባይ ካለችው እህቴ ጋር ሙሉ ጨዋታ ተጫወትን፣ መሀል ላይ የኔ ኔትወርክ ሁለቴ ሄዶ ተመለሰ፣ ስገባ "የት ጠፋህ፣ ተራው ያንተ ነው" የሚለው መልእክቷ እዛው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። የፊደል ማመሳሰሉን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።