«ሰዓት ተስተካክሎልሽ ደግሞ እድገት?»

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ሳምንት የመከራከሪያ ጥያቄ የመጣው ከአንዲት አባላችን ነው። ጥያቄው ይሄ ነው፦ አንድ ሠራተኛ በቤተሰብ ምክንያት የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ቢስተካከልለት፣ ወይም አንዳንድ ቀን ከቤት ቢሠራ፣ ለእድገት ከሌላው እኩል መወዳደር አለበት ወይስ የለበትም? ታሪኩን ራሷ ትጽፈዋለች። ደንባችንን ታውቃላችሁ፤ ስድብ የለም፣ የመሥሪያ ቤት ስም አይጠራም። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ ስም ባይጠራም እንተዋወቃለን። ቢሆንም አይጠራም።

የባንክ ሠራተኛዋ፦ እሺ ልጀምር። ባንክ ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትንሹ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። አምና ሞግዚቷ ለበዓል አገሬ ደርሼ ልምጣ ብላ በዚያው ቀረች። (ይሄ የሁላችሁም ታሪክ ነው፣ አውቃለሁ።) አለቃዬን ለመንኩት። ጠዋት በ2 ሰዓት ፋንታ በ3 ሰዓት ልግባ፣ የጎደለውን ከምሳ ሰዓቴና ከማታው ላይ ልሙላ አልኩት። ፈቀደልኝ፣ እግዜር ይስጠው። ሒሳቤን ሳልዘጋ የወጣሁበት ቀን የለም። ከስምንት ወር በኋላ አንድ ከፍ ያለ የሥራ መደብ ወጣ። አመለከትኩ። አለቃዬ ወረቀቱን አየና «ሰዓት ተስተካክሎልሽ ደግሞ እድገት?» አለኝ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ቀልድ መስሎት ነው። ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልመቀኘውም። ግን ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ላጤው፦ እህቴ፣ የደረሰብሽ ያሳዝናል። ግን የሌላውን ወገን ብሶት ማንም ስለማይናገር እኔ ልናገር። እኛ ክፍል ሰዓት የተስተካከለላቸው ሁለት እናቶች አሉ። እነሱ እስኪገቡ የጠዋቱን ሰልፍ የማስተናግደው እኔ ነኝ። «አንተ ምን አለብህ፣ ላጤ ነህ» ይሉኛል። አጋሮ ያለች የታመመች እናት አለችኝ። ለእሷ ብዬ አርብ በጊዜ ልውጣ ብል ማን ይሰማኛል? እድገት ሲመጣ ደግሞ ሁላችሁም እኩል ናችሁ ይባላል። ስሸፍን የከረምኩት ሥራ የት ገባ?

የባንክ ሠራተኛዋ፦ እውነትህን ነው። ታዲያ አንተም ጠይቅ እንጂ።

ላጤው፦ ወንድ ሆኜ? ይስቁብኛል።

የሦስት ልጆች አባት፦ ይስቁበታል! እኔን ጠይቁኝ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ለእናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ድሮ ሁሉም ተደምሮ 90 ቀን ነበር። ጥሩ ነው። ለአባትስ? ሦስት ቀን። ሚስቴ በኦፕሬሽን ነው የወለደችው። ሦስቱ ቀን ሲያልቅ እኛ ገና ከሆስፒታል አልወጣንም። ከዓመት ፈቃዴ ሰባት ቀን ጨመርኩ። ስመለስ በር ላይ «አራሱ መጣ!» ብለው ተቀበሉኝ። ገንፎ በላህ ወይ፣ ቅቤው እንዴት ነው… ዓመት ሙሉ ስሜ «አራሱ» ነበር። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ልጅ ሦስት ቀኔን ብቻ ወስጄ ዝም አልኩ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ እኔ 31 ዓመት የመንግሥት ሥራ ሠርቻለሁ። 12ቱን በኃላፊነት ነው። እስቲ ከባለጉዳዩ በኩል ሆናችሁ እዩት። ገበሬው ከዴዶ ሌሊት ተነስቶ፣ የመኪና ከፍሎ ይመጣል። «ባለሙያዋ በ4 ሰዓት ነው የምትገባው» ይባላል። እሷ ስትገባ ማኅተም የያዘው ሰው ደግሞ የለም። ይሄ ግፍ ነው። ደግሞ ቢሮዎቻችን በሰዓት መቼ ጥብቅ ሆነው ያውቃሉ? ፊርማውን ፈርሞ፣ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ፈረንጅ አራዳ ሠፈር ቡናውን ሲጠጣ የሚያረፍደውን ስንቱን አውቃለሁ። ባልተፈቀደው ሰዓት እንኳ ይሄን ያህል ከተጫወቱበት ሲፈቀድ ምን ሊሆን ነው?

የባንክ ሠራተኛዋ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ኮቱን የሰቀለው ሰውዬ እድገት አላገኘም? እኔ የማውቀው አግኝቷል። እሱ የወሰደው ሰዓት አይመዘገብም። የእኔ ግን በደብዳቤ ነው፣ ፋይሌ ውስጥ ተቀምጧል። ሌላም ልጨምር። አርብ የመንግሥት ቢሮ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ይዘጋል፣ ለጁምዓ ሶላት። እርስዎ ራስዎ በዚያ ሰዓት ሠርተዋል። ባለጉዳዩ ያውቀዋል፣ በ7፡30 ይመጣል። በዚህ ምክንያት እድገት የተከለከለ ሰው ሰምተው ያውቃሉ? የሚሰግደውም የማይሰግደውም እኩል ስለሚጠቀምበት ማንም ላይ ምልክት አይሆንም። እኔ የምለው ይህንኑ ነው። ሰዓት ማስተካከል አዲስ ነገር አይደለም። እናት ብቻዋን ስትጠይቅ ነው ውለታ የሚሆነው።

አወያይ፦ ይሄ የጁምዓ ነገር እኔም አልመጣልኝም ነበር። ለማስታወስ ያህል፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥርና በሥራ እድገት እኩል መብት እንዳላቸው በግልጽ ያስቀምጣል። አዋጅ 1156ም በእድገት ውድድር ሴትና ወንድ እኩል ነጥብ ካመጡ ለሴቷ ቅድሚያ ይሰጣል። ወረቀቱ ሞልቷል። ነጥቡን የሚሞላው ሰው ነው እንጂ ጉዱ። ቀጥሉ።

ነርሷ፦ እኔ «የሚስተካከል ሰዓት» ሲባል ግራ ይገባኛል። የእኔ ሰዓት በጣም ይለዋወጣል። አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። ግን የምለውጠው እኔ አይደለሁም። ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሄጄ አነባለሁ። የሚረዳኝ ከጓደኞቼ ጋር ተራ መቀያየር ነው። ያንን የማይከለክል ኃላፊ በነበረን ጊዜ ሥራዬን እወደው ነበር። ደሞዙ ያው ነበር፣ ሕመምተኛውም ያው። ሌላ ኃላፊ መጣና መቀያየር ቀረ። ስድስት ወር ሳይሞላ ሁለት ጎበዝ ነርሶች ለቀቁ።

የቡና ነጋዴው፦ ከመጋዘን በኩል ልናገር። ቡና የሚለቅሙልን ሴቶች የሚከፈላቸው በለቀሙት ልክ ነው። ማንም ፈርሙ አይላቸውም። በፈለጉት ሰዓት ይመጣሉ፣ ልጃቸውን አዝለው ይመጣሉ፣ ሐሙስ ገበያ ከሆነ ሕርማታ ደርሰው ይመለሳሉ። እንደ እናንተ አነጋገር ከእነሱ በላይ ነፃ የለም። እድገት ግን የሚባል ነገር የላቸውም። ሃያ ዓመት የለቀመች አለች፣ ዛሬም ትለቅማለች። ሚዛን ላይ የሚቆመው ወንድ ነው።

ላጤው፦ አንተ ነህ እኮ የምታቆመው!

የቡና ነጋዴው፦ አዎ፣ እኔ ነኝ። ስጽፈው ነው የታየኝ።

የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፦ ይቅርታ፣ ረዘም አደርጋለሁ። ይህ ጥያቄ በደንብ ተጠንቷል። ቻይና ውስጥ አንድ ትልቅ የጉዞ ወኪል ድርጅት አለ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2010 መጨረሻ ከስልክ ተቀባዮቹ መካከል ከቤት መሥራት የሚፈልጉትን መዘገበ። ከዚያ በልደታቸው ቀን ከፈላቸው። ቀኑ ተጋማሽ ቁጥር የሆነው ከቤት፣ ጎዶሎ የሆነው ከቢሮ። እጣ እንደማለት ነው፣ አድልዎ እንዳይኖር። ከቤት የሠሩት በሳምንት አራት ቀን ነበር። ዘጠኝ ወር ቆየ። የሥራ ውጤታቸው 13 በመቶ ጨመረ። የሚለቀው ሰው ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። በሥራቸውም የበለጠ ደስተኞች ነን አሉ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ያሳዩት ውጤት ታስቦ ሲታይ፣ ከቤት የሠሩት እድገት የማግኘት ዕድላቸው አነሰ። ከፍ ያለ ውጤት፣ ዝቅ ያለ እድገት።

ያው ድርጅት ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ሞከረው። በዚህኛው 1,612 ሠራተኞች ነበሩበት፤ ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከቤት፣ የቀረውን ከቢሮ። ውጤቱ በ2024 ታተመ። የሚለቁት በአንድ ሦስተኛ ቀነሱ። በተለይ ሴቶች፣ የኃላፊነት ቦታ የሌላቸውና ከሩቅ የሚመላለሱ ሠራተኞች ብዙ ተጠቀሙ። እድገታቸው ሁለት ዓመት ክትትል ተደርጎበት ምንም አልተጎዳም። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ላይ የጎዳቸው ሰዓቱ አይደለም፣ አለመታየታቸው ነው። የባንኳ እህታችን ደግሞ በየቀኑ ትታያለች፣ ያረፈደችው አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ የእሷ ጉዳይ በቻይናም አይመካኝም።

ጡረተኛው፦ መምህር፣ ቻይናን ተወውና ጅማን ንገረን።

የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፦ ይሁን ጋሼ። መምህርነት እኮ ከጥንትም ሰዓቱ ሰፊ ነው። ክፍል ካስተማርን በኋላ ጊዜው የራሳችን ነው። ከእኔ ጋር አንድ ቀን የተቀጠረች ጓደኛ ነበረችኝ፣ ከእኔ የተሻለ ጭንቅላት ያላት። እኔ በትርፍ ሰዓቴ ጥናት ጻፍኩ። እሷ በትርፍ ሰዓቷ ልጆች ከትምህርት ቤት አመጣች። ባሏም ሰዓቱ ሰፊ ነበር፤ እሱ ሱቅ ከፈተበት። ያው ሰዓት ለወንድ ገንዘብ ወይም ማዕረግ ይሆናል፣ ለሴት ቤት ይሆናል። ማዕረግ ደግሞ የሚሰጠው በታተመ ጥናት ነው። እኔ ረዳት ፕሮፌሰር ሆንኩ። ሚስቴ ይህን ስታነብ የምትለው አላት፣ እኔም ንጹሕ አይደለሁም።

ከቤት የሚሠራው፦ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፣ ቆጪ ሠፈር ቁጭ ብዬ ለአዲስ አበባ ድርጅት እሠራለሁ። 350 ኪሎ ሜትር ርቀት። መብራት ሲጠፋ ሞባይሌን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ፣ ባትሪው ሲያልቅ ጄኔሬተር ያለው ካፌ እሮጣለሁ። ደስተኛ ነኝ፣ አልዋሽም። ግን ሁለት ጊዜ ለቡድን መሪነት ታልፌአለሁ። ወንድ ነኝ፣ ልጅም የለኝም። መምህሩ ያለው አለመታየት ይሄ ነው።

ኃላፊዋ፦ እኔ ልለያችሁ ነው፣ አትቆጡ። ሴት ነኝ፣ የክፍል ኃላፊ ነኝ፣ የሰዓት ማስተካከያ ጠይቄ አላውቅም። የጠየቀች ሴት ራሷን ከወረፋው ታወጣለች፤ ይሄ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም፣ እንዲህ ነው እያልኩ ነው። እድገት የት እንደሚወሰን እናውቃለን። ስብሰባ ላይ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ ላይ፣ ማታ ቢራ ላይ ነው። እኔ እዚያ አልቀመጥም። ስለዚህ ያለኝ ቢሮ መገኘት ብቻ ነበር። 12 ሰዓት ድረስ፣ 1 ሰዓት ድረስ ተገኘሁ። ዋጋውንም ልንገራችሁ። ልጄ አፉን ሲፈታ እማዬ ያለው እናቴን ነው። እኔን በስሜ ነበር የሚጠራኝ።

ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ሰዓት አይደለም። የሕፃናት ማቆያ ነው። በ2010 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያዘጋጁ ተጽፎ ነበር። የአባት ፈቃድም በዚያ አዋጅ 10 የሥራ ቀን ነበር፤ ከአራሱ ሦስት ቀን ይሻላል። ማቆያ ቢኖር እህታችን 2 ሰዓት ላይ ልጇን ይዛ ትገባ ነበር። ማንም ውለታ ዋልኩላት አይልም።

የባንክ ሠራተኛዋ፦ ስለ ልጅሽ ያልሽው አስለቀሰኝ። ማቆያው ቢኖር በሁለት እጄ እቀበላለሁ። ግን እስኪሠራ ልጄ አሥር ዓመት ይሞላዋል።

ነርሷ፦ ማቆያ ሌሊት ክፍት ነው?

ኃላፊዋ፦ አይደለም። እውነትሽን ነው።

ጡረተኛው፦ አንድ ነገር ልናዘዝ። በዓመት ሁለት ጊዜ የሥራ አፈጻጸም ስሞላ «ለሥራ ያለው ተነሳሽነት» የሚል ነጥብ ነበር። ያን ነጥብ ከፍ አድርጌ የሞላሁት አምሽቶ ለሚቀመጠው ነው። አንድ ሠራተኛ ነበረች፣ ሥራዋን ጨርሳ በ11፡30 ትወጣለች። ሁልጊዜ ዝቅ እሰጣት ነበር። ሥራዋ ተመልሶ መጥቶ አያውቅም። ከዴዶ ለሚመጣው ሰውም ቢሆን ከሁላችንም ቀድማ የምትጨርስለት እሷ ነበረች። አቋሜን አልቀየርኩም፣ ባለጉዳይ መጉላላት የለበትም። ያንን ነጥብ ግን ዛሬ ብሞላው ሌላ እሞላዋለሁ።

ላጤው፦ ጋሼ ካሉ አይቀር እኔም አንድ ሐሳብ ላምጣ። ሰዓቱ ይስተካከል፣ ለሁሉም። ለእናት፣ ለአባት፣ እናቱን ለሚያስታምም። ግን ማን የማንን ሰዓት እንደሸፈነ ይጻፍ። አፈጻጸም ሲሞላ የሸፈነው ሰው ነጥብ ያግኝበት፣ የተሸፈነለትም አይቀነስበት። እኔ በሰዓቱ አልተናደድኩም። እንዳልሠራሁ መቆጠሩ ነው ያናደደኝ።

የባንክ ሠራተኛዋ፦ ይህን ሰኞ ለአለቃዬ አስገባዋለሁ። በደብዳቤ። ፋይሌ ውስጥ እንደሆነ አንዱ ገብቷል፣ ሌላም ይግባ። ብቻዬን እንዳልፈርም ግን ከወንዶቹ አንድ ሰው ልፈልግ።

የሦስት ልጆች አባት፦ እኔ የእናንተ መሥሪያ ቤት ባልሆንም እዚህ በግልጽ ልፈርም፦ አራሱ።