«የታጠነ» ወይስ «አበባ የጠጣ»? የቻይና የአበባ ሻይ ቃላትና አዘገጃጀቱ

ሆሄ፦
ሰላም ለቤቱ። ከቻይናዋ ፉዡ ከተማ የመጣ የጃስሚን ሻይ መጠቅለያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሦስት ቦታ ላይ ቃል አጠረኝ። አንደኛ፣ የሻዩ ዓይነት «ኽዋ ቻ» ይላል፤ ቃል በቃል «የአበባ ሻይ» ነው። እኛ ዘንድ ግን «የአበባ ሻይ» ሲባል እንደ ካሞሜል አበባው ራሱ የሚጠጣ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ «ቺ ሹን ዪ ቲ» ተብሎ ተጽፏል፤ «ሰባት ሹን፣ አንድ ቲ» ማለት ነው። ሹንም ቲም ምን እንደሚባሉ ጠፋኝ። ሦስተኛ፣ አዘገጃጀቱ ላይ ያለውን «ፓኦ» የሚለውን ግስ «አፍሉ» ብለው ገዢው ቅጠሉን እሳት ላይ ይጥደዋል ብዬ ሰጋሁ። የምታውቁ እስቲ በሉ።

ቅጠል ለቃሚ፦
ከሁለተኛው ልጀምር፤ እሱ ከተፈታ አንደኛውም ይፈታል።

የ«ሹን» ፊደል ሁለት ንባብ አለው። «ዪን» ተብሎ ሲነበብ ምድር ቤት ጓዳ ማለት ነው። በሻይ ሥራ ግን «ሹን» ይባላል፤ ትኩስ አበባን ከደረቀ ሻይ ቅጠል ጋር ደባልቆ ሽታውን ማስያዝ ነው። ሥራው እንዲህ ነው። ጃስሚኑ የሚለቀመው ፀሐይ በወጣበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ የሚፈለገው ነጭ ሆኖ የሞላ ግን ገና ያልፈነዳ እምቡጥ ነው። ሲመሽ ይፈነዳል። ያኔ ከቅጠሉ ጋር ተደባልቆ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ክምር ይከመራል። አበባው በሕይወት ስላለ ይተነፍሳል፣ ክምሩም ይሞቃል። አራት አምስት ሰዓት ቆይቶ ሙቀቱ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ክምሩ ተበትኖ ይናፈሳል፣ በረድ ሲል ተመልሶ ይከመራል። ሲነጋጋ አበባው በወንፊት ተለይቶ ይወጣል። ቅጠሉ የአበባውን እርጥበትም ስለወሰደ እንደገና በሙቀት ይደርቃል። ይህ ሁሉ አንድ «ሹን» ነው። «ሰባት ሹን» ማለት ደግሞ ያው ቅጠል ሰባት ጊዜ፣ በየዙሩ በአዲስ አበባ (ከተማዋን ማለቴ አይደለም) ይህን ሥራ አልፏል ማለት ነው። ለመጀመሪያው ዙር ለ100 ኪሎ ቅጠል ከ30 እስከ 40 ኪሎ አበባ ይገባል፤ በኋለኞቹ ዙሮች እየቀነሰ ይሄዳል።

«ቲ» ማንሳት፣ ከፍ ማድረግ ነው። የመጨረሻው ትንሽ ዙር ነው፤ ለ100 ኪሎ ቅጠል ከ6 እስከ 8 ኪሎ ምርጥ አበባ ይጨመርና ከተለየ በኋላ ቅጠሉ አይደርቅም። መጠቅለያው ሲከፈት ቀድሞ አፍንጫ የሚገባው ሽታ ከዚህ ዙር የመጣ ነው።

ማናፈሱ ከዘገየ አበባው ታፍኖ ይገረጣል፣ ሻዩም የተቀቀለ አበባ ይሸታል። ደካማ ጃስሚን ሻይ ላይ «ሳሙና ሳሙና ይላል» የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ሽታ የተረጨበት ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
እንግዲያው «ማጠን» አለን እኮ! ጋን በወይራ ይታጠናል፣ ቤት በዕጣን ይታጠናል። «ሰባት ጊዜ የታጠነ» ብትለው ማንም ይረዳሃል። ዕቃው ሽታ እንዲይዝ ማድረግ ነው፣ ከዚህ የቀረበ ግስ አማርኛ የለውም።

ማንቆርቆሪያ፦
ጋሼ ፊደል ቆጣሪ፣ ቃሉ ውብ ነው፣ ግን ጭስ አለበት። «የታጠነ ሻይ» የሚል መጠቅለያ ያየ ሰው ጭስ ጭስ የሚል ሻይ ይጠብቃል። ደግሞም በእውነት የታጠነ ሻይ አለ። በፉጂያን ዉዪ ተራራ የሚሠራው ላፕሳንግ ሱቾንግ በጥድ ጭስ ላይ የሚደርቅ ጥቁር ሻይ ነው። «የታጠነ»ን ለእሱ እናስቀምጥለት።

የእኔ ምርጫ «ጠጣ» ነው። ግድግዳ ውሃ ጠጣ፣ ጨርቅ ቀለም ጠጣ እንላለን። ሻይ ሠሪዎቹም ሥራውን ሲገልጹ «አበባው ሽታ ይተፋል፣ ቅጠሉ ሽታ ይስባል» ነው የሚሉት። «የጃስሚን አበባ የጠጣ ሻይ» ብንል ሥራውም ውጤቱም ይታያል፤ አበባው መጠቅለያው ውስጥ ባይኖርም ቃሉ አይዋሽም።

ባሕር ማዶ፦
«ከአበባ ጋር ያደረ ሻይ»ስ? ከላይ እንደተጻፈው በእርግጥም ከአበባው ጋር ነው የሚያድረው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ያደረ ወጥ፣ ያደረ ሻይ… ማን ይገዛዋል እቴ?

ባሕር ማዶ፦
እሺ ተረታሁ። ስለ አበባው ስም ግን አንድ ነገር ላንሳ። ለዚህ ሻይ የሚውለው የጃስሚን ዝርያ በዓረብ አገር «ፉል» የሚባለው ነው፤ በየመንና በሳዑዲ ጂዛን አበባው በክር እየተሰካ ለሠርግ ይደረጋል። የባሕረ ሰላጤው አገር ሰው «የፉል ሻይ» ቢባል ወዲያው ይገባዋል፣ አዲስ አበባ ግን ከቁርስ ባቄላ ጋር ይምታታል። አገርኛ ስም ከተፈለገ «ጠምበለል» አለን አይደል?

ቅጠል ለቃሚ፦
ጠምበለል የጃስሚን ዘመድ ነው፣ በደጋና በወይና ደጋ የሚወጣ ነጭ አበባ ያለው ሐረግ። ዝርያው ግን ሌላ ነው። መጠቅለያ ላይ «የጠምበለል ሻይ» ብለን ብንጽፍ ሰው አገር ውስጥ የተለቀመ ይመስለዋል። «ጃስሚን» ይሻላል፤ የለመደ ቃል ነው። የቻይንኛው «ሞሊ»ም ቢሆን የውሰት ነው፣ ከሳንስክሪት «ማሊካ» የመጣ።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ የአበባው ጠባይ ነው። ቻይኖቹ አበቦችን በሁለት ይከፍላሉ። ጃስሚን ሽታውን የሚሠራው በሕይወት ሳለ፣ ያውም እየፈነዳ ባለበት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። እምቡጡ አይሸትም፣ የጠወለገውም አይሸትም። ጉዊኽዋ (የጉዊሊን ከተማ ስሟን ያገኘችበት ዛፍ አበባ)፣ ነጭ ማኞሊያና ጽጌረዳ ግን ዘይታቸውን የአበባ ቅጠላቸው ውስጥ ይዘውት ይቆያሉ። ለዚህ ነው ደረቅ የጽጌረዳ እምቡጥ ብቻውን ቢነከር የሚሸተው፣ ደረቅ ጃስሚን ብቻውን ቢነከር ግን ሣር ሣር የሚለው።

ስለዚህ ርካሽ ጃስሚን ሻይ ውስጥ ነጭ ነጭ ደረቅ አበባ ሞልቶ ስታዩ አትደሰቱ። ለዓይን ተብሎ የተጨመረ ነው፤ ሲበዛ ምሬት ያመጣል። ጥሩው ተለቅሞ ወጥቶለታል። ልዩነቱ የሲቹዋኑ «ቢታን ፒያኦሹዌ» ነው። ስሙ «በአረንጓዴ ኩሬ ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ» ማለት ሲሆን፣ አበባው ሆን ተብሎ ይተውበታል፤ እሱም ቢሆን ሽታውን ያገኘው በሹን ነው።

ሆሄ፦
መጠቅለያው ጀርባ ላይ «ሺየንሊንግ» የሚልም አለ። «ትኩስና ሕያው» ብዬዋለሁ፤ «ትኩስ» ግን የሚያቃጥል ያስመስለዋል።

ቅጠል ለቃሚ፦
ቀማሾች ሦስት ነገር ይለካሉ፦ ሺየንሊንግ፣ ብርታትና ጥራት። ሺየንሊንግ የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ አበባው አሁን የፈነዳ የሚመስልበት ነገር ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
«አፍላ»! አፍላ ወጣት፣ አፍላ ፍቅር እንደምንለው። «አፍላ መዓዛ» በለው፤ ትኩስም አያሰኘው፣ ሕያውም አያሰኘው።

ቅጠል ለቃሚ፦
እጅ ነስቻለሁ ጋሼ። ለጉድለቶቹም ቃል ይፈልጉ እስቲ። አበባው አንሶ ባዶው የሻይ ሽታ ሲያጋጥጥ «ቶው ሱ» ይላሉ፣ «እርቃኑ ታየ» እንደማለት። ጃስሚኑን እንዲያግዝ ከሥር ትንሽ ነጭ ማኞሊያ ይደረጋል፤ በዝቶ ከላይ ሲሸት ደግሞ «ቶው ላን» ይባላል። ሁለተኛው በቀላሉ ይታወቃል፤ ሽታው ከባድና ጣፋጭ ሆኖ ሁለተኛው ውሃ ላይ ድንገት ይጠፋል።

ማንቆርቆሪያ፦
ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። ሆሄ የሰጋው ልክ ነው። ቻይንኛ «ፓኦ»ን (ውሃ አፍስሶ ማቆየት) እና «ጁ»ን (እሳት ላይ ማፍላት) ይለያል። እኛ ለሁለቱም «ሻይ ማፍላት» ነው የምንለው፤ ምክንያቱም የእኛ ሻይ ከእነ ቅርንፉዱና ቀረፋው በእርግጥ ይፈላል። የጃስሚን ሻይ እሳት ላይ ከተጣደ ግን መዓዛው በእንፋሎት ተኖ ያልቃል፤ የሚቀረው አረንጓዴ ሻይ ምሬት ነው። ስለዚህ ግሱን ሰንጥቀው፦ ውሃው «ይፈላል»፣ ቅጠሉ «ይነከራል»። «መዘፍዘፍ» ትክክል ነው፣ ግን ልብስና ሽንብራ ያስታውሳል።

አሁን ቁጥሩን ልስጥህ። መነሻው ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 3 ግራም ቅጠል ነው። በማንኪያ አትለካ፤ እንደ እንክብል የተጠቀለለው (የድራጎን ዕንቁ የሚባለው) በትንሽ ቦታ ብዙ ይመዝናል፣ የተፈታው ቅጠል ደግሞ ተቆልሎም ይቀላል። የኩሽና ሚዛን ከሌለ መጀመሪያ ቀነስ አድርጎ መጀመር ነው።

የውሃው ሙቀት ለለጋና ለእምቡጥ ቅጠል ከ80 እስከ 85፣ ለጠና ቅጠል ከ90 እስከ 95 ዲግሪ። እዚህ ላይ ከፍታ ይገባል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ 100 ነው። የፈላ ውሃ አንድ ጊዜ ወደ ባዶ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ሲዛወር ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ይወርዳል። አዲስ አበባ አንድ ማዛወር ለለጋው ይበቃል፤ ባሕር ወለል ላይ ያለ ሰው ሁለቴ ማዛወር አለበት። ለጠናው ቅጠል አዲስ አበባ ያለ ሰው እንደፈላ ያፍስስ፣ ዕቃውንም አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ይለቅልቀው፤ አለበለዚያ ውሃው ሸክላው ላይ ይበርድና ቅጠሉ አይከፈትም።

ውሃውን በዕቃው ግድግዳ አስጠግተህ አፍስስ፣ ወዲያው ክደን። ክዳን ያልኩት ለወግ አይደለም፤ የዚህ ሻይ ግማሹ ዋጋ ክዳኑ ሥር የሚታፈነው ሽታ ነው። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ አቆይና ጨርሰህ ቅዳ። የተጠቀለለው እስኪፈታ ሙሉ 3 ደቂቃ ይፈልጋል። ሁለተኛው ውሃ ትንሽ አጠር ይላል፣ ምክንያቱም ቅጠሉ ተከፍቷል፤ ሦስተኛው ረዘም። ከዚያ ወዲያ ሽታው ያልቃል፣ የቀረው ተራ አረንጓዴ ሻይ ነው።

በጋይዋን (ባለክዳንና ባለማስቀመጫ ሲኒ) የሚጠጣ ሰው ቅጠሉን ያበዛል፣ ጊዜውን ያሳጥራል፦ ለ110 ሚሊ ሊትር 5 ግራም፣ የመጀመሪያው ከ15 እስከ 20 ሰኮንድ፣ ከዚያ በየዙሩ አምስት አሥር ሰኮንድ መጨመር። የመጀመሪያውን ውሃ «ማጠቢያ» ብለው የሚደፉ አሉ። ለጃስሚን አልመክርም፤ የሚደፋው ያ አፍላው ነው።

አፍ የሚይዝና የሚመር ከሆነ መጀመሪያ ሙቀቱን ቀንስ፣ ከዚያ ደቂቃውን፣ ቅጠሉን በመጨረሻ። ሽታ ኖሮት ጣዕሙ ውሃ ውሃ ካለ ግን ቅጠሉ አንሷል፤ ደቂቃ መጨመር ምሬት እንጂ ጣዕም አያመጣም።

ባሕር ማዶ፦
ስኳርና ቅመም?

ማንቆርቆሪያ፦
ስኳር ከፈለግህ ቀምሰህ ጨምር። ቅርንፉድ ከገባበት ግን ጃስሚን መግዛቱ ለምን አስፈለገ?

ፊደል ቆጣሪ፦
ቅርንፉድም እኮ ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው። በፊደል ከሄድን የእኛው የቅመም ሻይ ነው እውነተኛው «የአበባ ሻይ»!

ባሕር ማዶ፦
ጉዊኽዋና ጽጌረዳ የጠጣውስ? አዘገጃጀቱ አንድ ነው?

ቅጠል ለቃሚ፦
አበባውን ሳይሆን ከሥር ያለውን ሻይ እያየህ አዘጋጅ። ጉዊኽዋ መኸር ላይ የሚፈነዳ ደቃቅ ብርቱካናማ አበባ ነው፤ የበሰለ ኮክ ይሸታል። ብዙ ጊዜ ኡሎንግ (በአረንጓዴና በጥቁር መካከል ያለ ሻይ) ላይ ይውላል፤ ኡሎንግ ደግሞ የሚቻለውን ያህል የፈላ ውሃ ይፈልጋል፣ 5 ግራም ለ110 ሚሊ ሊትር፣ ሰላሳ ሰኮንድ። ሃንግዡ ውስጥ ሎንግጂንግ ላይ የሚደረገው ግን አረንጓዴ ስለሆነ ወደ 80ና 85 ይወርዳል። ጽጌረዳ በብዛት ጥቁር ሻይ ላይ ነው፤ 3 ግራም ለ200 ሚሊ ሊትር፣ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ሁለቱም አበቦች ሲደርቁም ስለሚሸቱ ቅጠሉ መሐል ብታዩአቸው አያሳስብም።

ቻይኖቹ «ጁኽዋ» የሚሉት አበባ ክሪሳንተመም ነው፤ ብቻውን ሲነከር ሻይ ቅጠል የለበትም፣ ካፌይንም የለበትም። የአማርኛው «የአበባ ሻይ» ለእሱ ይሁን። አራት አምስት አበባ በ300 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ፣ አምስት ደቂቃ።

ሆሄ፦
እግዜር ይስጥልኝ። መጠቅለያው እንዲህ ሆነ፦

«የፉዡ ጃስሚን ሻይ። ሰባት ጊዜ ትኩስ የጃስሚን አበባ የጠጣ፣ በመጨረሻው ዙር አፍላ መዓዛ የታከለበት አረንጓዴ ሻይ። ውሃ ያፍሉና ወደ ባዶ ብርጭቆ አዛውረው ያብርዱ (ከ80 እስከ 85 ዲግሪ)። ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 3 ግራም ቅጠል ይንከሩ፣ ይክደኑ፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቆይተው ይቅዱ። ቅጠሉን እሳት ላይ አይጣዱ። ሦስት ጊዜ ውሃ ይጨመርበታል።»

ማንቆርቆሪያ፦
«ይቅዱ»ን «ጨርሰው ይቅዱ» አድርገው፤ ውሃ ከቅጠሉ ጋር ከቀረ ሁለተኛው ዙር ይመራል። አስቀማመጥም ጨምር፦ «አፉ በደንብ በሚዘጋ ቆርቆሮ፣ ከቡናና ከበርበሬ አርቀው ያስቀምጡ።» አበባ የጠጣ ቅጠል በርበሬም ይጠጣል።

ቅጠል ለቃሚ፦
ከ«አረንጓዴ ሻይ» ቀጥሎ አንዲት መስመር ይግባ፦ «አበባው ተለቅሞ የወጣ ነው።» አለበለዚያ ገዢው ከፍቶ አበባ ሲያጣ ተጭበረበርኩ ብሎ ይመልስብሃል።